መጽሐፍ ሲያረጅ ምን ይደረጋል? ከብራና እስከ ማኅበራችን ካርቶን



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «አንተ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምረሃልና አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ አዘጋጅ» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት እንድጽፍ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥኩት በጠቅላላ ጉባኤያችን በተደጋጋሚ ተነሥቶ ሳይወሰን የቀረውን የመጻሕፍታችንን ጉዳይ ነው። ይህም ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው፤ ከእኛ በፊት ብዙ ሰዎች ተከራክረውበታልና።

እንደሚታወቀው በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የሚኖሩ ወገኖች ለማኅበሩ የሰጧቸው መጻሕፍት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአንድ ኬልደር ውስጥ በካርቶን ታጭቀው ነበር። አብዛኞቹን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በስደት የመጡ ታላላቆቻችን በሻንጣቸው ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ዛሬ ወረቀታቸው የሻይ መልክ ይዟል፤ ጠርዛቸው ሲነካ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል፤ የተሰፉበት ሽቦም ዝጓል። ከፊሎቻችን «አሮጌውን ጥለን አዲሱን ከአዲስ አበባ እናስመጣ» ይላሉ። ሌሎች «አንዲት ቅጠል እንዳትነካ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «በስልክ ፎቶ አንሥተን እንገላገል» ባዮች ናቸው። እንደ እኔ ሐሳብ ሦስቱም ወገኖች ትክክል የሚሆኑበት መጽሐፍ በካርቶኖቹ ውስጥ አለ፤ ችግሩ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሳንለይ መከራከራችን ነው።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ከብራና ጋር አብሮ የኖረ ነው። የፍየሉ ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጸጉሩ ተፍቆ፣ በድንጋይ ተፈግፍጎ ለጽሕፈት ይዘጋጃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይሠራል። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ የተጻፈበትን ቆዳ አይበላም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም ብረት ያለበት፣ አሲድነት ያለው ስለነበር ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ይበላዋል። እዚሁ ዴን ሃግ በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ከተቀመጡት የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰነዶች መካከል ይህ በሽታ የያዛቸው አሉ፤ ፊደል በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል። በአንጻሩ ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና በራዲዮካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል።

የብራና ጠላት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አይጥ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሻማ ጠብታ፣ እሳት። አባቶቻችን የተቀደደውን በክር ይሰፉ ነበር፤ ጨርሶ ያረጀውን ደግሞ ቁም ጸሐፊ ተቀምጦ እንደገና ይገለብጠዋል። ከአሮጌው የተረፈው ቅጠል አንዳንዴ በአዲሱ መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ መከለያ ሆኖ ይጠረዛል። ስለዚህ «ጥለን አዲሱን እናስመጣ» የሚለው አስተሳሰብ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም፤ ቃሉ እስካለ ድረስ አካሉ ሊለወጥ ይችላል የሚል የቆየ ልማድ ነው።

ሆኖም ለዚህ ልማድ አንድ ትልቅ ገደብ ነበረው። በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌል ኅዳግ ወይም ባዶ በቀረ ቅጠል ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የውል ቃል፣ የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። ወንጌሉን ማንም ጸሐፊ ሊገለብጠው ይችላል። በኅዳጉ ላይ ያለው ምስክርነት ግን ኃይል ያለው በዚያው ቅጠል ላይ በመሆኑ ነው። የመሬት ክርክር ሲነሣ የሚቀርበው ያ መጽሐፍ እንጂ ግልባጩ አይደለም። እኔ ይህን ነጥብ የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ አድርጌ ስለምመለከተው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም ፎቶ ማንሣቱንም ቢሆን እኛ አልጀመርነውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ማእከል ከሌሎች ጋር ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በደርግ ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልሙ በአዲስ አበባም በሚኔሶታም እንዲቀመጥ ተደረገ። ካታሎጉን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው እግራቸው ከተያዘ በኋላ ነው ወደ አሜሪካ ሄደው ይህን ሥራ የያዙት። በፊልም ከተነሡት መጻሕፍት መካከል ዛሬ በቦታቸው የማይገኙ አሉ። ስለዚህ ወጣቶቻችን «ፎቶ ይነሣ» ሲሉ ታላላቆች ባይቆጧቸው ደግ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ፎቶው የተነሣው መጽሐፉ ወደ ዕቃ ቤቱ እንዲመለስ እንጂ እንዲጣል አልነበረም።

አሁን ወደ ወረቀት ልለፍ። ይህ ጸሐፊ እንጀራውን የሚበላው በታክሲ ነው። በዴን ሃግ ማእከላዊ ባቡር ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ከጎኔ ያለው ነጭ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1798 የተመሠረተው የሆላንድ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ እናልፈዋለን። በዚያ ሕንጻ ያሉ ሰዎች የእኛን ካርቶን ችግር እጅግ በትልቁ ገጥሟቸው ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ወረቀት ከጨርቅ ቅዳጅ መሠራቱ ቀርቶ ከተፈጨ እንጨት መሠራት ጀመረ። ቀለም እንዳይሰርግበትም አሉምና የዛፍ ሙጫ ተጨመረበት። ርካሽ ሆነ፤ ጋዜጣና ልቦለድ ለድሃው ደረሰ። ነገር ግን አሉሙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ የወረቀቱን ጭረት ይቆራርጣል፤ ወረቀቱ ይጠይማል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ጠላቱ በውስጡ ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ነጭ ሆኖ የ1920ዎቹ መጽሐፍ የሚፈረፈረው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የሆላንድ መንግሥት «ሜታሞርፎዘ» የሚባል አገር አቀፍ ፕሮግራም አቋቋመ፤ ማስተባበሩም ለዚሁ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። በተለይ ትኩረት የተሰጠው ከ1840 እስከ 1950 ለታተመውና ለተጻፈው ነበር። ሁሉን ማዳን ስለማይቻል ምርጫ ግድ ሆነ። መጀመሪያ በማይክሮፊልም፣ በኋላም በስካነር ይዘቱ ይነሣል፤ ዋናው ከአንባቢ እጅ ወጥቶ በሳጥን፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። አሲዱን የሚገድል ማግኒዚየም ያለበት ሕክምናም አለ። ይህ ሕክምና መበስበሱን ያዘገያል እንጂ የተሰበረውን ወረቀት መልሶ አያጠነክርም። ከተነሣው ብዙው ዛሬ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ገጽ ባለው «ዴልፈር» በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል።

በአሜሪካ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦቻቸውን በፊልም ካነሡ በኋላ ዋናውን ቆርጠው ጣሉ ወይም ሸጡ። ለመጽሐፍ መፈተኛ የሚያደርጉትም የገጹን ጥግ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ በስንተኛው እንደሚሰበር መቁጠር ነበር። ኒኮልሰን ቤከር የተባለ ደራሲ ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ክፉኛ ነቅፎታል። መጽሐፍ የሚነበበው ገጹ ተገልጦ እንጂ ጥጉ ታጥፎ አይደለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ጋዜጦቹን ለሽያጭ ሲያወጣ ቤከር ከገዛ ገንዘቡ ብዙ ጥራዝ ገዝቶ አዳነ፤ ስብስቡም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በጥቁርና ነጭ ፊልም የጠፋው ባለ ቀለም ሥዕል ሁሉ በዚያ ጥራዝ ላይ አለ። እኔም ከካርቶናችን አንድ በኩራዝ አሳታሚ የታተመ መጽሐፍ አንሥቼ ጥጉን ባጥፈው በሁለተኛው ተሰበረ። ያንኑ መጽሐፍ ግን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ጨርሻለሁ።

አምስተርዳም ኦስተርፓርክ አጠገብ ያለውን የትሮፒክ ኢንስቲትዩት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቤተ መጻሕፍቱ የመንግሥት ድጎማ ስለተቋረጠበት እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ። የቅኝ ግዛት ዘመኑ ስብስብ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች መጻሕፍት ደግሞ ወደ ግብፅ፣ ወደ እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ተጫኑ። ወረቀታቸው አላረጀም፤ ያለቀው በጀቱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስም በመቅደላ ወደ ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ በአንድ ቦታ ሰብስበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከዚያ ውስጥ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተወሰደ። ሁሉን በአንድ ክፍል መቆለፍ የሚያስከትለው አደጋ ከአሲድ አያንስም።

እንግዲህ ወደ ካርቶኖቻችን። ባለፈው ክረምት ከሁለት አባላት ጋር ሆነን አንድ በአንድ አየናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» አራት ቅጂ አለን፤ አንዱም የ1958ቱ የመጀመሪያ እትም አይደለም። መጽሐፉ ደጋግሞ የታተመ ስለሆነ ለክረምት አገር ቤት የሚሄድ አባል አዲስ ገዝቶ ቢመጣ ይበቃል፤ ለልጆቻችንም የሚያምረው አዲሱ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የ1962 ዓ.ም. እትም ጀርባው ተገንጥሏል፤ ወረቀቱ ግን ደህና ነው። እርሱ የሚያስፈልገው ጠራዥ ብቻ ነው። «ኦሮማይ» ሌላ ነገር ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው የመጀመሪያው እትም አንድ ቅጂ በእጃችን አለ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ የቀረ ነው። ልቦለዱ ከዚያ ወዲህ ታትሟልና ቃሉ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ያ ቅጂ በዚያ ዘመን በድብቅ የተያዘ ነው፤ በውስጥ ሽፋኑ ላይ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀለም ስማቸውን ጽፈው ከእጅ ወደ እጅ አስተላልፈውታል። ከላይ ያነሣሁት የወንጌል ኅዳግ ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአዲስ መለወጥ አይቻልም።

ከሁሉ የገረመን ግን ከመጻሕፍቱ ሥር ያገኘነው ነው። በስቴንስል የተባዙ ጋዜጣዎች፣ በአማርኛ ታይፕ የተመቱ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመጀመሪያዎቹ የእንቁጣጣሽ ግብዣዎች ወረቀት፣ ጥገኝነት ለጠየቁ ወገኖች የተሰበሰበ መዋጮ ዝርዝር፣ የፋክስ ደብዳቤዎች። ከማኅበራችን በፊት የነበሩ ማኅበሮች ትተውት ያለፉት ነው። ይህን ማንም አያሳትመውም፤ በሌላ ቦታም አይገኝም። ፋክሶቹ በሙቀት በሚጻፍበት ወረቀት ላይ ስለወጡ ግማሾቹ ነጭ ሆነዋል። ስለ ልቦለድ ስንከራከር የሚጠፋው ይኸኛው ነበር።

ለዚህ የሚሆን ቦታ በከተማችን አለ። አምስተርዳም ክሩኪውስቬኽ ላይ፣ በድሮ የካካዎ መጋዘን ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የተሰደዱና የሚሳደዱ ሰዎች ወረቀት እንዳይጠፋ ነበር። የማርክስና የኤንግልስ የእጅ ጽሑፎች ከናዚ እጅ ያመለጡት በእርሱ ነው። በሆላንድ የሚኖሩ የቱርክና የሞሮኮ ሠራተኞች ማኅበራትም ወረቀታቸውን ለዚሁ ተቋም ሰጥተዋል። እነርሱ ያደረጉትን እኛ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ አባታችን «የሰው ስም አለበት፤ ያን ጊዜ በፍርሃት የተጻፈ ነው» ብለው መቃወማቸው ግን ተገቢ ነው። መልሱ አለመስጠት ሳይሆን፣ ለተወሰነ ዓመት ማንም እንዳያየው በውል አስሮ መስጠት ነው። መዝገብ ቤቶች ይህን ይቀበላሉ። ከመስጠታችን በፊት እኛው ፎቶ አንሥተን አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ እዚህ ብናኖር የመቅደላው ስጋትም ይቀንሳል።

ይህን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ አቀርባለሁ። እስከዚያው በቤታችሁ ያረጀ መጽሐፍ ያላችሁ፣ እባካችሁ በስኮች አትለጥፉት፤ ሙጫው ሰርጎ ገጹን ያቃጥለዋል። ከማሞቂያው አጠገብና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት። የዛገውን ሽቦ በጣት ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ የምትጽፉበት ነገር ካለም በእርሳስ ይሁን። ካርቶኖቹ ለጊዜው ከኬልደር ወጥተው በእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለማልወጣ ቃለ ጉባኤዎቹን ማየት፣ ወይም የደበዘዘውን ፊደል ለይቶ ማንበብ የሚችል ሁሉ ደውሎ ቢመጣ ቡና አለ።