የደቡብ ቲሮል መልክዐ ምድርና የቦታ ስሞቿ ታሪክ

የቦታ ስም ጥናት በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሥርወ ቃል ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። ስሙ ከየትኛው ቋንቋ መጣ፣ ትርጉሙስ ምንድን ነው ብለን እንጠይቅና እናቆማለን። ማን ሰየመው፣ በየትኛው ሕግ ጸደቀ፣ ነዋሪውስ ተቀበለው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሊርቁ አይገባም። ለዚህ በአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኘው ደቡብ ቲሮል ጥሩ ማሳያ ናት። (ዓመታቱ፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደቡብ ቲሮል ዛሬ 7,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የሰሜን ጣልያን ክፍለ ሀገር ናት። ትልቁ ተራራዋ ኦርትለር 3,905 ሜትር ከፍታ አለው። ከኦስትሪያ ጋር የሚያገናኛት የብሬነር በር ግን ከ1,400 ሜትር በታች በመሆኑ ለነጋዴም ለጦርም የተመቸ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል፤ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋበትም በ1867 ነው። ቆላው ፖምና ወይን ያበቅላል፤ ደጋው የከብትና የድርቆሽ አገር ነው። በደጋው «ዝግ እርሻ» የሚባል ልማድ አለ። ይዞታው ሳይከፈል ለአንድ ወራሽ ያልፋል፤ የቀሩት ልጆች ሎሌ ይሆናሉ ወይም ይሰደዳሉ። የአያት ርስት ለልጅ ልጅ ሁሉ ሲደለደል ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። እርሻው የራሱ ስም ስላለው ገበሬው ከቤተሰቡ ስም ይልቅ በእርሻው ስም ይጠራል። በእንዲህ ያለ አገር የቦታን ስም መለወጥ የሰውን ስም ከመለወጥ እምብዛም አይለይም።

አገሪቱ ከ1363 ጀምሮ በሀብስቡርጎች ሥር ቆይታ በ1919 በሴን ዠርመን ውል ለጣልያን ተሰጠች። አብዛኛው ሕዝቧ ጀርመንኛ፣ በዶሎሚት ሸለቆዎች ያሉት ደግሞ ላዲንኛ ይናገሩ ነበር። የስያሜው ዘመቻ ግን ከጦሩ ቀድሟል። ኤቶሬ ቶሎሜይ የተባለ ጣልያናዊ በ1904 በድንበሩ ላይ ካሉት ተራሮች አንዱን ወጥቶ «የጣልያን ጫፍ» ብሎ ሰየመው፤ የመጀመሪያው ወጪ እኔ ነኝም አለ። ዳሩ ግን ፍሪትስ ኮግል በ1895 ቀድሞት ወጥቷል፤ ተራራውም ክሎከርካርኮፕፍ የሚባል የጀርመንኛ ስም አለው። ቶሎሜይ በ1916 ብዙ ሺህ ስሞችን ወደ ጣልያንኛ የለወጠበትን መዝገብ አሳተመ። ሽተርሲንግ የተባለችውን ከተማ ከሮማውያን ዘመን ስም አንስቶ ቪፒቴኖ አላት፤ ይህኛው እንኳ ሥር አለው። ሌሎቹ በድምፅ መመሳሰል ወይም በቃል በቃል ትርጉም የተበጁ ናቸው። የሙሶሊኒ መንግሥት መዝገቡን በ1923 ሕግ አደረገው፤ «ቲሮል» የሚለውም ስም ተከለከለ።

ቀጥሎ ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ልጆች በእርሻ ቤቶች ውስጥ በስውር ይማሩ ጀመር፤ ትምህርት ቤቶቹም የጥንት ክርስቲያኖችን መሸሸጊያ በማሰብ «የካታኮምብ» ተባሉ። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቦልዛኖ ፋብሪካዎች ሲተከሉ ከሌላው ጣልያን ብዙ ሠራተኛ መጣ። በ1939 ሂትለርና ሙሶሊኒ ተስማምተው ሕዝቡን ወደ ጀርመን ሂድ ወይም ጣልያናዊ ሆነህ ቅር አሉት። አብዛኛው መሄድን መረጠ፤ በተግባር የሄደው ወደ 75,000 ይደርሳል። ቋንቋውን የመረጠ እርሻውን፣ እርሻውን የመረጠ ቋንቋውን ማጣቱ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ በቀጥታ የሚደርሰን ክፍልም አለ። ፑስተርታል የተባለው ሸለቆ በጣልያንኛ ፑስቴሪያ ይባላል። በዚህ ስም በ1935 መጨረሻ የተቋቋመው የተራራ ክፍለ ጦር በአምባ አራዳምና መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ተዋግቷል። የገዛ አገራቸው ስም የተቀማባቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ወጣቶችም ለዚሁ ወረራ ተመልምለው መጥተዋል፤ ከምልመላው አምልጠው ድንበር የተሻገሩም ነበሩ። ለክፍለ ጦሩ በ1938 በብሩኔክ ከተማ ሐውልት ቆመ፤ በኋላ በፈንጂ ተደጋግሞ ተመትቶ ዛሬ የቀረው ከደረት በላይ ያለው ነው።

ከ1946ቱ የፓሪስ ስምምነትና በተለይም ከ1972ቱ የራስ ገዝ ደንብ ወዲህ የጀርመንኛ ስሞች ወደ መንገድ ምልክቶች ተመልሰዋል፤ የቶሎሜይም ስሞች ግን አልተሻሩም። በቦልዛኖ ከተማ ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ሜጀር ቶዜሊ የተሸነፈበት፣ በ1933 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት የአምባ አላጌ ስም የተሰጠው ጎዳና አለ። በምልክቱ ላይ «ጎዳና» የሚለው ቃል በጣልያንኛና በጀርመንኛ ተጽፏል፤ «አምባ አላጌ» የሚለው በሁለቱም ያው ነው።