የዓሣ ነባሪው እንዝርት

እንግዲህ ስሙኝ፣ የቀወት ሰዎች፣ የይፋት ልጆች! ባሕር ከሸዋ ሮቢት ሩቅ ነው። የጥንቱ የይፋት ሲራራ ነጋዴ ዘይላ ወደብ የሚደርሰው ግመሉን እየነዳ፣ ቆላውን ሁሉ አቋርጦ ነበር። የዛሬው ወሬዬ ግን የባሕር ነው፤ የዓሣ ነባሪ አንጎል ወሬ።

ዓሣ ነባሪ ወልዶ ያጠባል፣ በሳንባ ይተነፍሳል። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዱ ማን መሰላችሁ? ከእኛ ቁልቁል፣ አዋሽ ውስጥ የሚንቦጫረቀው ጉማሬ!

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባለ ሐኪም በሰው አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ለየት ያለ የነርቭ ሕዋስ በዝርዝር ጻፈ። ጎረቤቶቹ ሕዋሳት ሦስት ማዕዘን ሲመስሉ ይኼኛው ፈትል የተጠቀለለበት እንዝርት ነው፤ ወገቡ ሞላ፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ፣ ከላይም ከታችም ወፍራም ቅርንጫፍ ያወጣ። በ1999 በእነ ቺምፓንዚና ጎሪላ አንጎልም መኖሩ ተነገረ። ያን ጊዜ «ይህማ የብልሆች ሕዋስ ነው» ተባለ።

ኒው ዮርክ ላይ ፓትሪክ ሆፍ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር የዓሣ ነባሪን አንጎል ያዘ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ዓሣ ነባሪ ሲሞት ወፍራም ስቡ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ አንጎሉ ቶሎ ይበላሻል። ደህና ሆኖ የተገኘው ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ እንደ ስስ ወረቀት እየተሸረከተ መስታወት ላይ ይዘረጋል፤ ኒስል የሚባለውን ቀለምም ይጠጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ ወይን ጠጅ መስለው ብቅ ይላሉ። እዚያ መሐል፣ እነሆ እንዝርቱ! ይህ በ2007 ታተመ፤ ዓለምም «ዓሣ ነባሪ እንደ ሰው ነው» ብሎ ተደነቀ።

ቆዩኝማ፣ አልጨረስኩም። በ2015 ሜሪ አን ራጋንቲና ባልደረቦቿ የከብት፣ የበግ፣ የፈረስ፣ የአሳማ፣ የአጋዘንና የሽኮኮ አንጎል በዚያው ዘዴ አዩ። እንዝርቱ በሁሉም አለ! ብዛቱና ቦታው እንደየእንስሳው ይለያያል እንጂ ከእርሻ በሬያችንም፣ ገደል ላይ ፀሐይ ከሚሞቀው ሽኮኮም አልጠፋም። ዘመድነታቸው በራቀ እንስሳት ዘንድ በየፊናው የበቀለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አንድ ሕዋስ አይቶ ብልህና ሞኝ መለየት ቀረ።

ሰውን «አንተ በግ!» እያላችሁ የምትሳደቡ፣ ከእንግዲህ አስባችሁ ተሳደቡ።