የብቅል ኃይልና የብቅል ቀለም

መጠጥ በሚጠመቅበት አገር ሁሉ መጠጡ ቀጥኖ የወጣ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ መጠያየቅ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ በውሃው፥ ሌላው በጋኑ፥ ሌላው በጠማቂው እጅ ያመካኛል፤ ብቅሉን ግን መልኩ ካማረ የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። የሎንዶን ጠማቂዎች በዚህ ስሕተት ብዙ ዘመን ኖረው በመጨረሻ እንዴት እንደ ተረዱት ታሪኩ ከዚህ በታች በአጭሩ ይገለጻል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ፖርተር የሚባል ጥቁር ቢራ በሎንዶን ተነሣ። ስሙም የመጣው ከከተማይቱ ዕቃ ተሸካሚዎች ነው፤ እነርሱም ከመጠጥነቱ በላይ ለሥራ ብርታት የሚሰጥ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። የሚጠመቀውም በእንጨት እሳት ኃይል ደርቆ ከጠቈረ ብቅል ነበር። ይህ ብቅል በመስፈሪያ ሲገዛ ዋጋው ከነጣው ብቅል ያነሰ ስለ ነበረ ጠማቂው ትርፍ ያገኘ ይመስለው ነበር። ጠጪውም በበኩሉ የቢራውን ጥቁረት የጥንካሬው ምስክር አድርጎ ይመለከተው ነበር።

በዚያ ዘመን ጠማቂ የውሃውን ሙቀት የሚያውቀው ጣቱን ነክሮ፥ ወይም እንፋሎቱ ጋብ ብሎ የፊቱን መልክ በውሃው ላይ እስኪያይ ጠብቆ ነበር። ማይክል ኮምብሩን የተባለ ጠማቂ በ1762 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሙቀቱ በቴርሞሜትር እንዲለካ መከረ። በ1768 ዓ.ም. ደግሞ በሃምፕሻየር አውራጃ በኦልተን ከተማ የነበረው ጄምስ ቤቨርስቶክ የብቅሉን ውሃ ሃይድሮሜትር በሚባል መሣሪያ መመርመር ጀመረ። የመሣሪያውም ነገር ቀላል ነው፤ ከብቅሉ የወጣው ስኳር በበዛ መጠን ፈሳሹ ስለሚከብድ ተንሳፋፊው መሣሪያ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ስኳሩ ሲያንስ ግን ወደ ታች ይሰጥማል። ቤቨርስቶክ ይህን ለታወቀው ጠማቂ ለሳሙኤል ዊትብሬድ ቢያሳየው አልተቀበለውም፤ ሄንሪ ትሬል የተባለው የሎንዶን ጠማቂ ግን ጥቅሙን ተረድቶ ደገፈው። በ1784 ዓ.ም. የሐል ከተማው ጆን ሪቻርድሰን ሳካሮሜትር የተባለውን መለኪያ አጠቃቀም በመጽሐፍ ገልጦ ጻፈ።

መለኪያው በጠማቂዎች እጅ ከገባ በኋላ የተሰወረው ነገር ታየ። ጥቁሩና ነጩ ብቅል በእኩል መስፈሪያ ተዘፍዝፈው ፈሳሻቸው ሲለካ፥ ከነጩ የሚወጣው ስኳር ከጥቁሩ እጅግ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ በጆንያ ሲገዛ ርካሽ የነበረው ብቅል በበርሜል ሲቈጠር ውድ ሆነ። ከ1793 ዓ.ም. ጀምሮ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ረዥም ጦርነት የገብስ ዋጋና የብቅል ግብር በመናሩ፥ ይህን ኪሳራ ችሎ መኖር አልተቻለም። ጠማቂዎችም ከጥቁሩ ብቅል ጥቂት ብቻ እያስቀሩ ወደ ነጩ አዘነበሉ።

ከዚህ ግን ሌላ ችግር ተወለደ። ቢራው ኃይሉ ሳይጓደል መልኩ ስለ ነጣ ጠጪው ተታለልሁ ብሎ ጠረጠረ። አንዳንዶች ቢራውን በተቃጠለ ስኳር አጠቈሩት፤ ሌሎች ደግሞ የቀጠነውን መጠጥ ጠንካራ ለማስመሰል የሚያሰክርና መርዝነት ያለው ቅመም ጨመሩበት። ይህንንም ማታለል ፍሬድሪክ አኩም በ1820 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አጋለጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1816 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከብቅልና ከሆፕ በቀር ሌላ ነገር በቢራ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ1817 ዓ.ም. ዳንኤል ዊለር ብቅልን እንደ ቡና መቁያ ባለ የብረት ከበሮ ውስጥ እያዞሩ መቁላትን ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚህ ጥቁር ብቅል ጥቂቱ ብቻ ቢራውን ሁሉ ስለሚያጠቍረው፥ ኃይሉ ከነጩ፥ ቀለሙ ከተቈላው እንዲመጣ ሆነ።

ምክንያቱ በትክክል የታወቀው ግን በኋላ ነው። በ1833 ዓ.ም. አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከበቀለ ገብስ ውስጥ ዲያስቴዝ ያሉትን ነገር አወጡ። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ይህ ነው፤ ብርቱ እሳት ያገኘው እንደ ሆነ ግን ይጠፋል። ብቅሉ ሲደርቅ የተረፈውም ቢሆን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እጅግ ያለፈ ውሃ ቢፈስበት ሥራውን ሳይፈጽም ይሞታል። ስለዚህ መጠጡ የቀጠነበት ሰው መጀመሪያ ብቅሉ እንዴት እንደ ደረቀ፥ ቀጥሎም የውሃውን ሙቀት፥ ከዚያም አፈጫጨቱን መመርመር ይገባዋል፤ ሳይሰበር የቀረ ፍሬ ስታርቹን በሆዱ ይዞ ከአተላው ጋር ይጣላልና።

ይህ ታሪክ የኢትዮጵያን ጠላ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ለጠላ የሚሆነው ገብስ ተነክሮ፥ በቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ በልማድ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ እሳት የሚነካው አሻሮው፥ እንኩሮውና ቂጣው ነው። ስለዚህ ቀለሙና መዓዛው ከተቈላውና ከተጋገረው ሲመጣ፥ ብቅሉ ግን ኃይሉን ሳያጣ ወደ ጋኑ ይገባል። ከድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪም፥ እንግሊዞች ከዚያው ብቅል በመጨረሻ እጣቢ ይጠምቁት ከነበረው ቀላል ቢራ ጋር ይመሳሰላል። የሎንዶን ጠማቂ ከሳካሮሜትርና ከብዙ ኪሳራ በኋላ የደረሰበትን የሥራ ክፍፍል፥ ባልትና የምታውቅ እመቤት ያለ መለኪያ በእጅዋ ትሠራዋለች። ብቅሏን በምጣድ ሳይሆን በፀሐይ ማድረቋ በልማድ ብቻ የተያዘ ቢመስልም፥ ምክንያቱ የጸና መሆኑን ከላይ የተነገረው ታሪክ ይመሰክራል።