ኮሶ፤ የመድኃኒቱና የሻጮቹ ታሪክ

በአማርኛ ዛፉም፥ መድኃኒቱም፥ በሽታውም በአንድ ስም ይጠራሉ። «ኮሶ ተከለ» ብንል ዛፉን ነው፤ «ኮሶ ጠጣ» ብንል መድኃኒቱን ነው፤ «ኮሶ አለበት» ብንል ደግሞ በሆዱ ውስጥ የሚኖረውን ረዥም ትል ነው። ትሉን ለይተን ለመጥራት ስንፈልግ እንኳ «የኮሶ ትል» እንላለን እንጂ ሌላ ስም አናወጣለትም። በብዙ ቋንቋዎች መድኃኒት ስሙን ከበሽታው ሲወስድ እናያለን፤ በኛ ዘንድ ግን በሽታው ስሙን ከመድኃኒቱ ወሰደ። መድኃኒቱ በአገሩ ኑሮ ውስጥ የቱን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይህ አነጋገር ብቻውን ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ኮሶ ከኢትዮጵያ ገበያ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች እንዴት እንደ ገባና የኬሚስትሪ ሊቃውንት በውስጡ ምን እንዳገኙ ነው። ሁለተኛው፥ ለእኛም ዋናው፥ መድኃኒቱ እንዲህ ሲፈለግ ሻጮቹ ለምን እንደ ተናቁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በምሥራቅ አፍሪቃ ከፍተኛ ተራሮች እስከ ማላዊ ድረስ ይገኛል። በዕፀዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከጽጌ ረዳ ቤተ ሰብ ይቈጠራል፤ በወገኑም ውስጥ ከእርሱ በቀር ሌላ ዝርያ የለም። ወንዴውና ሴቴው የየብቻቸው ዛፍ ናቸው። ባለ መድኃኒቶች የሚመርጡት የሴቴውን አበባ ነው፤ ይኸውም ሲደርስ ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ ተንዠርግጎ ይወርዳል። ኋላ የአውሮፓ ነጋዴዎች «ቀይ ኮሶ» እያሉ አስበልጠው የፈለጉት ይኸንኑ ነው፤ ሴቴውን ከወንዴው ለይቶ ማወቅ ግን አስቀድሞ የአገሩ ለቃሚዎች ዕውቀት ነበረ።

ትሉ ወደ ሰው ሆድ የሚገባው በጥሬ ሥጋ ነው። በከብት ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ከረጢት መስሎ የተቀመጠው እጭ ከብርንዶ ወይም ከጥሬ ክትፎ ጋር ሲበላ፥ በራሱ ካንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ አካሉም ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ቁራጮች የተቀጠለ ነው። በከብት ሥጋ ውስጥ ያለው እጭና በሰው ሆድ ውስጥ ያለው ትል አንድ ፍጥረት መሆኑን በሙከራ ያስረዳው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ሕዝቡ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል እያሉ በመደነቅ ጽፈዋል። ከነርሱም አንዳንዶቹ ነገሩን እንደ ተራ ልማድ ቈጥረውታል። እኛ ግን ከልማድ የበለጠ አስተውሎት እናይበታለን። ኮሶ አብዛኛውን ጊዜ የትሉን አካል ጠርጎ ሲያወጣ ራሱን ካንጀት ላይ ሊተወው ይችላል። ራሱ ከቀረ እንደ ገና እየተቀጠለ ያድጋል፤ ሁለትና ሦስት ወር ሲሆነውም ቁራጮቹ ከሰውዬው ጋር መውጣት ይጀምራሉ። እንግዲህ ጠጪው የሚቈጥረው ቀን ትሉ ተመልሶ የሚያድግበት ቀን ነው። ማጒያ መነጽር ያልነበረው ሕዝብ ይህን ዘመን የለካው ደጋግሞ በማየት ብቻ ነው።

የአወሳሰዱም ሥርዐት የታወቀ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ማለዳ በባዶ ሆድ ከነአተላው ይጠጣል። ምሬቱ የታወቀ ስለ ሆነ የመረረውን ነገር ሁሉ «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ጠጪው ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀምስም፤ ያን ቀን ከቤቱ ይውላል። ሎሌም ቢሆን ከሥራ ይፈቀድለታል። እንግዳ ቢመጣ «ጌቶች ኮሶ ጠጥተዋል» ይባልና ይመለሳል። የውጭ አገር ሰዎች ይህን ቃል በየመሳፍንቱ ደጅ እየሰሙ መመለሳቸውን ጽፈዋል። እንዲህ በተባለ ጊዜ ሁሉ ኮሶው በእውነት ተጠጥቶ እንደ ነበረ ግን እኛ አንምልም።

ኮሶን ለአውሮፓ ሊቃውንት በሥዕልና በጽሑፍ ካስተዋወቁት መካከል ዋናው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ የጒዞውንም ታሪክ በ1790 በ5 ጥራዝ አሳተመ። ለዛፉም «ባንክስያ አቢሲኒካ» የሚል ስም አወጣለት፤ ይህም ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ነው። ነገር ግን «ባንክስያ» የሚለው ስም አስቀድሞ ለአውስትራልያ ዕፀዋት ተሰጥቶ ስለ ነበረ አልጸናም። በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሀገንያ አቢሲኒካ» አለው፤ ሀገን ማለት በኬኒግስበርግ ከተማ የነበረ የመድኃኒትና የዕፀዋት ሊቅ ነው። ሦስተኛው ስም ደግሞ «ብራዬራ አንተልሚንቲካ» የተባለው ሲሆን የመጣው ከቍስጥንጥንያ ነው። ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በዚያች ከተማ ሲኖር፥ ወደ ኢትዮጵያ ይመላለስ የነበረ አንድ አርመናዊ ነጋዴ የቡና ቤት አሳላፊ የነበረውን በሽተኛ በኮሶ ሲያድን አይቶ፥ ከአበባው ወደ ፓሪስ አመጣ። የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ኩንትም በ1820ዎቹ መርምሮ በሐኪሙ ስም ሰየመው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ዛፉ በሠላሳ ዐምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በሦስት አውሮፓውያን ስም ተጠራ፤ አንዱ ዛፉን ለሕይወቱ አላየውም፥ ሌላው ሲሸጥና ሲጠጣ ብቻ አየው። መድኃኒቱን የሰጠው አርመናዊ ግን በስም አልተመዘገበም፤ ለእርሱ የሸጡለትም ሰዎች እንደዚሁ። «ኮሶ» የሚለው የአገሩ ስም ጸንቶ የቀረው በመድኃኒት ነጋዴዎች መዝገብ እንጂ በዕፀዋት ሊቃውንት መዝገብ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ንግዱ ተስፋፋ። በሸዋ ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ግቢ የቈየው ፈረንሳዊው ሮሼ ደሪኩር ብዙ ኮሶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በ1850 ገደማም በለንደን እጅግ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሸቀጡ ሲበዛ ዋጋው ወደቀ። በ1864 በታተመው በመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ኮሶ ከነመጠኑ ገባ።

ያ ዓመት ለኢትዮጵያ ታሪክም የታወቀ ዓመት ነው፤ በጥር ወር ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቈንስል ካሜሮንን አሠሩ። ከዚህ ላይ ወደ ሻጮቹ እንመለሳለን። ንጉሡ በ1855 ከመንገሣቸው በፊት፥ ገና ካሳ ኃይሉ ሲባሉ፥ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ስለ ተቸገሩ ኮሶ እየሸጡ ይኖሩ ነበር ይባላል። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድም «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብለው ፎክረው ዘመቱ፤ ነገር ግን ተሸንፈው ተማረኩ፤ ቴዎድሮስም ኮሶ አስመጥተው በግድ አስጠጧቸው እየተባለ ይተረካል።

ወይዘሮ አትጠገብ ከጨዋ ወገን ናቸው፥ ወሬው የጠላት ስም ማጥፋት ነው የሚሉም አሉ። ለእኛ ጥያቄ ግን እውነትም ቢሆን ሐሰትም ቢሆን ለውጥ የለውም። ስድብ የሚቈርጠው ሰሚው የሚንቀውን ነገር ሲጠራ ነው። መኳንንቱ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ካልጠጡም ብርንዶ ተዝናንተው መብላት አይችሉም ነበር። ይሁንና ያንኑ ኮሶ የሸጠችላቸው ሴት ስሟ የስድብ መጨረሻ ሆነ።

በፈረንሳይ አገር የሆነውን ከዚህ ጋራ ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ማዳም ኑፈር የምትባል የአንድ ስዊስ ሐኪም ባልቴት ለዚህ ዐይነት ትል መድኃኒት ትሰጥ ነበር። በ1775 ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ምስጢሩን በ18,000 ሊቭር ገዟት። ተገልጦ ሲታይ ፈርን የሚባለው ተክል ሥር ሆኖ ተገኘ፤ እርሱንም የጥንት ግሪኮች ሐኪሞች ያውቁት ነበረ። ባልቴቲቱ የተከበረችው መድኃኒቷ አዲስ ስለ ሆነ ሳይሆን ምስጢሯን ስለ ደበቀች ነው። በኛም አገር ሥርና ቅጠሉን በምስጢር የሚይዘው ደብተራ ይፈራል፥ ይከበራልም፤ የኮሶ ሻጯ ግን ሸቀጧን በአደባባይ ዘርግታ ለመጣው ሁሉ ትሰፍርለታለች። ሕዝቡን የጠቀመው ከሁለቱ የትኛው ነው ብንባል፥ ያለ ማመንታት በአደባባይ የተሰፈረው ነው እንላለን። የተናቀውም በዚያው ምክንያት ይመስለናል፤ ማንም የሚያውቀው ዕውቀት እንደ ዕውቀት አልተቈጠረምና።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንለፍ። በ1858 ጣልያናዊው ፓቬዚ ከአበባው ሙጫ መሰል ነገር አወጣ። በ1874 ፍሉኪገርና ቡሪ «ኮሲን» የተባለውን ብጫ ክሪስታል መረመሩ። ክሪስታሉ ንጹሕና ለዐይን ያማረ ስለ ነበረ መድኃኒቱ ተገኘ ተባለ። ነገር ግን በ1894 ሊክሰንሪንግ «ኮሶቶክሲን» የሚባለውን ሌላ ነገር ለይቶ አወጣና ትሉን የሚያዳክመው ይህ መሆኑን አሳየ፤ ኮሲን ግን ኮሶቶክሲን በአልካሊ ሲፈርስ የሚገኝ ውላጅ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ በፊንላንድ ሎውናስማና ጓደኞቹ ኮሶቶክሲን ራሱ አንድ ነገር ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ የብዙ ነገሮች ቅልቅል መሆኑን አስረዱ። የሁሉም መሠረት ፍሎሮግሉሲኖል የሚባለው ነው፤ ይኸውም 6 ካርቦን ያሉት ቀለበት ሆኖ በላዩ 3 የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ያሉበት ነው። የሚያስደንቀው፥ በማዳም ኑፈር ፈርን ውስጥም የተገኘው የዚሁ የፍሎሮግሉሲኖል ወገን መሆኑ ነው። በዘር የማይገናኙ ሁለት ተክሎች፥ በማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች እጅ፥ ለአንድ ዐይነት ትል አንድ ዐይነት ነገር ሰጡ።

ይህ ነገር የትሉን ጡንቻ ያሰንፋል፤ ትሉም ካንጀት ላይ የያዘውን ይለቃል፥ ኮሶው ሆድ ስለሚያስኬድ ጠርጎ ያወጣዋል። ኮሶቶክሲን እንደ ሙጫ ስለ ሆነ በአልኮልና በኤተር ይሟሟል እንጂ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ አበባውን ነክሮ ውሃውን ብቻ አጥልሎ መጠጣት ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ዱቄቱ ራሱ መዋጥ አለበት። የብሪታንያው መዝገብም ኮሶውን ሳያጣሩ ከነዱቄቱ እንዲሰጥ አዘዘ። «ከነአተላው» የሚለው የሻጮቹ ትእዛዝ፥ ኬሚስቶቹ ምክንያቱን ከማወቃቸው አስቀድሞ፥ ትክክል ነበረ።

ይህን ስንል ግን ኮሶን ያለ ነቀፋ ማመስገናችን አይደለም። መጠኑ ከበዛ ይመርዛል፤ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፥ የዐይንን ነርቭ ጐድቶ ያሳወራል፥ የሞቱም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ብትጠጣው ሊያስወርዳት ይችላል። የአበባው ኀይል እንደ ዛፉና እንደ ቈይታው ስለሚለያይ አሮጌው ይደክማል፥ አዲሱ ይበረታል፤ በእፍኝ የሚሰፍር ሰው ይህን ልዩነት መመዘን አይችልም። ስለዚህም ነው መተሬ፥ እንቆቆ፥ ቀጨሞና የዱባ ፍሬ ለለዘብተኛ ሆድ የተመረጡት። በ1960 ኒክሎሳማይድ፥ በ1970ዎቹም ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች ከወጡ ወዲህ ትሉን ከነራሱ ያለ ብዙ ሥቃይ ማስወጣት ስለ ተቻለ፥ ሐኪም ባለበት አገር ኮሶን የሚመርጥ ምክንያት አይታየንም።

ዛፉ ግን በሌላ ምክንያት ተጐዳ። እንጨቱ ቀላ ያለና ለቤት ዕቃ የሚስማማ ስለ ሆነ ያለ ልክ ተቈረጠ። በ1994 የወጣው የደን ዐዋጅ ከጥድ፥ ከዝግባና ከዋንዛ ጋራ ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። ወንዴውና ሴቴው የየብቻቸው ዛፍ በመሆናቸው ግን በአንድ ሸንተረር ላይ ጥቂት ዛፎች ብቻ ሲተርፉ ወንዴ ከሌለ ሴቴዋ ታብባለች እንጂ ዘር አትሰጥም፤ የቀሩትን የሚቈጥር ሰው ዛፎቹን ብቻ ሳይሆን ጾታቸውን ጭምር መቍጠር ይኖርበታል።