ጣሪያ የሌለው ፉርጎ፦ የግራፊክስ ካርድና የቨርችዋል ማሽኖች ታሪክ

እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ኪውኢሙ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ቨርችዋል ማሽን የፈጠረ ሰው፣ ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ የሚደርሰው የግራፊክስ ካርድ ሲረስ ሎጂክ በ1990ዎቹ ይሸጠው የነበረ ቺፕ አምሳያ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ጊዜ የዚህ እንግዳ ማሽን ፕሮሰሰር ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ይሠራ ነበር። በአንድ ማሽን ውስጥ ይህን ያህል የዘመን ርቀት እንዴት ተፈጠረ? መሐንዲሶች መልሱ ቴክኒካዊ ነው ይላሉ። እኔ ግን ቢያንስ ግማሹ መልስ የሚገኘው ከገበያ ታሪክ ነው ባይ ነኝ።

ፈረንሳዊው ፕሮግራመር ፋብሪስ ቤላር ኪውኢሙን በ2003 ይፋ ሲያደርግ ሁሉም ነገር በሶፍትዌር የሚመሰል፣ ስለዚህም ዝግተኛ ነበር። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ለዚሁ ሥራ የሚያግዝ አቅም በፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ጨመሩ፤ አሠራሩንም ማንም እንዲያነበው አሳተሙ። ቁምራኔት የተባለው የእስራኤል ጀማሪ ኩባንያ በዚህ ላይ የገነባው ኬቪኤም በ2007 መጀመሪያ ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ሬድ ሃት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከመነሻው እስከ ሽያጩ ጥቂት ዓመታት ብቻ ወሰደ።

የግራፊክስ ካርድ ነገር ግን እንዲህ አልቀናም። የካርዱ የውስጥ ቋንቋ ከትውልድ ትውልድ ይለዋወጣል፤ ኤንቪዲያም ዝርዝሩን አይገልጥም ነበር። ቀላሉ መውጫ ካርዱን እንዳለ ለአንድ እንግዳ ማሽን ማስረከብ ነው። ሆኖም የኤንቪዲያ የተራው ተጠቃሚ ካርድ፣ ጂፎርስ፣ ድራይቨሩ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ “ስህተት 43” ብሎ ይቆም ነበር። ለዚህ ሥራ የተፈቀዱት እጅግ ውድ የሆኑት የኩባንያው ካርዶች ብቻ ነበሩ። በ2014 ኪውኢሙ ኬቪኤምን ከድራይቨሩ ዓይን የሚሰውር አማራጭ ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ያው ካርድ በሰላም ሠራ። እክሉ የብረቱ አልነበረም ማለት ነው።

የምጣኔ ሀብት ታሪክ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ዡል ዱፑዊ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስና ኢኮኖሚስት በ1849 የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ያለ ጣሪያ የሚሄደው ጣሪያ ስለሚወደድ ሳይሆን፣ ሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው ሲል ጽፏል። ድሃው የሚጎዳው ሌላውን ለማስፈራራት ነው። (ይህን ለተማሪዎች ሳስተምር ከባቡሩ ይልቅ ጂፎርስ ይበልጥ ይገባቸዋል።)

ክፍት ሶፍትዌሩ ያገኘው መውጫ የካርዱን ምሥጢር ከነጭራሹ አለመጠየቅ ነበር። የሬድ ሃቱ ዴቭ ኤርሊ በ2013 ያስተዋወቀው ቪርጂል የትም ያልተመረተ ምናባዊ ካርድ ነው። እንግዳው ማሽን የሥዕል ትእዛዙን ለዚህ ምናባዊ ካርድ ይሰጣል፤ አስተናጋጁ ትእዛዙን ኦፕንጂኤል ወደተባለው የጋራ ቋንቋ መልሶ፣ የትኛውም ካርድ ቢኖረው፣ ለራሱ ድራይቨር ያቀርባል። መሠረቱ በ2015 ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ዋጋው ግን አለ፦ ትርጉም ፍጥነት ይበላል፤ የማይታመን እንግዳ የላከውን ትእዛዝ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ለጥቃት በር ይከፍታል።

ይህን የበጎ ፈቃደኞች ድል አድርጎ መተረክ ያጓጓል፤ ትክክል ግን አይደለም። ኤርሊ የሬድ ሃት ደመወዝተኛ ነበር፤ ኋላም ክሮምኦኤስ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን እንዲያስኬድ የፈለገው ጉግል ሥራውን በራሱ መሐንዲሶች ገፋበት። ሁለቱም ካርድ ሻጮች አይደሉም፤ የካርዱ አጥር ሲፈርስ ይጠቀማሉ እንጂ አይከስሩም። የጋራ ሀብቱ የተገነባው በተቀናቃኝ ጥቅም ገንዘብ ነው፤ በዚህም የተነሣ የተገነባው እነርሱ በፈለጉት መጠንና ፍጥነት ብቻ ነበር።

ኤንቪዲያ በማርች 2021 ጂፎርስ በቨርችዋል ማሽን ውስጥ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ግን ለአንድ እንግዳ ማሽን ብቻ። የኤንቪዲያን ካርድ ለብዙ እንግዶች የሚያካፍለው የኩባንያው ሶፍትዌር ዛሬም በፈቃድ ክፍያ የሚሸጥ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነውና፣ የተማሪዎች ላቦራቶሪ የሚያቋቁም የአገራችን ኮሌጅ ሁለተኛውን ማዕረግ መክፈል ካልቻለ የሚቀረው ቪርጂል ነው።