እልኸኛዋ የፍሬን ብሎን

መኪናውን በገዛ እጁ የሚጠግን ሰው ያረጀ የፍሬን ዲስክ ሊለውጥ ሲነሣ ጎማውን ያወልቃል፣ ሸራዎቹን የያዘውን ካሊፐር ፈትቶ በሽቦ ያንጠለጥላል። ሥራው አለቀ ሲል አንዲት ወይም ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ዲስኩን ከሞዞው ጋር ይዘው አንለቅም ይሉታል። ካቻቪቴውን ጭኖ ሲያዞር የብሎኗ ራስ ይላጣል። ብዙ ሰው ያላሰበውን ገንዘብ ለጋራዥ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው።

የዲስክ ፍሬን ሐሳብ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓተንት አውጥቶበታል። ዲስኩን የሚነክሰው መዳብ ስለ ነበር ግን ጩኸቱ አይጣል ነበር። መኪኖችም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በታምቡር ፍሬን ኖሩ። ነገሩን የለወጠው በ1953 የተደረገው የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ነው። ደንሎፕ የሠራው የዲስክ ፍሬን የተገጠመላት ጃጓር፣ በቶኒ ሮልትና በደንከን ሃሚልተን እጅ አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮየን ዲኤስ የተባለችው መኪና የዲስክ ፍሬን ከፊት ይዛ ለገበያ ወጣች።

የብሎኗ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የፖርትላንዱ ሰው ሄንሪ ፊሊፕስ የጆን ቶምሰንን ሐሳብ ገዝቶ አሻሻለና ራሷ ላይ የመስቀል ቅርጽ ላላት ብሎን በ1936 ፓተንት ተሰጠው፤ ጄኔራል ሞተርስም ወዲያው በካዲላክ ላይ ሞከራት። ፋብሪካዎች የወደዷት የካቻቪቴው ጫፍ መሐሉን ራሱ ፈልጎ ስለሚያገኝና በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ስለሚያስጠቅም ነው። ካናዳዊው ሮበርትሰን ከ1908 ጀምሮ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን ነበረችው፤ እንደሚነገረው ፎርድ መብቱን ሲጠይቀው እምቢ አለ። በእኔ አስተያየት የተሻለችው ተሸንፋለች፤ የሮበርትሰን ካቻቪቴውን ጠበቅ አድርጋ ስትይዝ፣ ባለ መስቀሏ ጎኖቿ ዘንበል ስለሚሉ ኃይል ሲበዛባት ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ካቻቪቴ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ብሎን አባራሪ እንደ ማለት ነው፤ እዚህ ግን የሚባረረው አባራሪው ነው!

ከዲስኩ ላይ ያለችው ብሎን ዋና ሥራዋ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መኪናው ገና ጎማ ሳይገባለት ዲስኩ እንዳይወድቅና እንዳይዘም ትይዘዋለች። የጎማው ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ ዲስኩን አጥብቆ የሚይዘው ቸርኬው ነው። እንግዲህ ብሎኗ የተመረጠችው ለሚገጥመው ሠራተኛ ፍጥነት እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚፈታት ሰው አይደለም።

በዚህ ላይ ጨው አለ። በአሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው መበተንን እንደ ደንብ የያዘችው የመጀመሪያዋ ግዛት ኒው ሃምፕሸር ስትሆን፣ ጊዜውም የ1941–42 ክረምት ነበር። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የብሎኗን ጥርስ ያጨናንቃል፤ የፍሬኑ ግለትም ያባብሰዋል።

ሆንዳ የሚነዱ ሰዎች ሁለቱን ብሎኖች በደንብ ያውቋቸዋል። የጃፓን መስቀል የፊሊፕስን ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ የፊሊፕስ ካቻቪቴ እስከ ታች አይገባላትም። ስለዚህ ትክክለኛውን ጫፍ መያዝና በመዶሻ ሲመታ ወደ ውስጥ እየተጫነ የሚዞረውን ካቻቪቴ መጠቀም ይገባል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከዋዜማው ቢደረግ መልካም ነው፤ ሸራው ላይ ግን እንዳይነካ። መኪናውም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ።

ራሷ ጨርሶ ከተላጠ የቀረው መሰርሰር ነው። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን የ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበቃል፤ የሚሰረሰረው ራሷ ብቻ እንጂ ሞዞው አይደለም። ራሷ ሲወድቅ ዲስኩ ይወጣል። የቀረው ግንድ የሚጫነው ስለሌለ ብዙ ጊዜ በሚቆለፍ ፒንሳ ተይዞ ይዞራል።

ያለ ብሎኗም መኪናው ይሄዳል፤ ጭራሽ ያላደረጉላቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው። እኔ ግን አዲስ ብሎን፣ ጥርሷን ዝገት የሚከላከል ግራሶ ቀብቶ መግጠሙን እመርጣለሁ። ዲስኩ ልቅ ከሆነ ጎማ በተፈታ ቁጥር የዝገት ፍርፋሪ ከኋላው ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ፍሬን ሲያዝም መሪው ይንቀጠቀጣል።