የሁለት መቶ አምስቱ ስሞች ወሬና ፍጻሜው

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። የታሪክ ትምህርትም አንዱ ዋና ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ተቀብሎ ከማስተጋባት ይልቅ ነገሩ ከየት እንደ መነጨ ተከታትሎ መመርመር። ወሬ በገበያ ሲነገር ሰው ግማሹን ያምናል፥ ግማሹን ይተዋል። ያው ወሬ ሕዝብ መርጦ ከላከው እንደራሴ አፍ በወጣ ጊዜ ግን ማኅተም እንዳረፈበት ደብዳቤ ይከበራል። በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት እኛ ተማሪዎች ልናቀርበው የመረጥነው ታሪክ፥ እንዲህ ያለ ወሬ በአሜሪካ እንዴት እንደ ተነሣና በምን እንደ ወደቀ የሚያሳይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሬ ያለ መሬት አይበቅልም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ካለቀ በኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በጠላትነት መተያየት ጀመሩ። በነሐሴ ወር 1949 ሶቪየቶች የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ ሞከሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቻይና የኮሙኒስቶች መንግሥት ታወጀ። በ1950 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበሩት አልጀር ሂስ በሐሰት በመማል ተፈረደባቸው፤ ወዲያውም ክላውስ ፉክስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የአቶምን ምስጢር ለሶቪየቶች በመስጠት በእንግሊዝ አገር ተያዘ። ሕዝቡ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሕዝብም ለችግሩ ሁሉ አንድ አጭር መልስ ይፈልጋል።

መልሱን ይዘው የቀረቡት በ1946 ከዊስኮንሲን ግዛት ተመርጠው ሴኔት ወደሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገቡት ጆሴፍ ማካርቲ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1950 በዌስት ቨርጂንያ ግዛት በዊሊንግ ከተማ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ሴቶች ማኅበር ንግግር አደረጉ። የከተማዪቱ ጋዜጣ በማግሥቱ እንደ ጻፈው፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠሩ የ205 ኮሙኒስቶች ስም ዝርዝር በእጃቸው እንደሚገኝ ተናገሩ። ወዲያው ሶልት ሌክ ሲቲ ሲደርሱ ቁጥሩ 57 ሆነ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን በሴኔቱ ፊት ሲቆሙ ደግሞ የ81 ሰዎችን ጉዳይ እየቆጠሩ ተናገሩ። በሁለት ሳምንት ሦስት ቁጥር!

እንግዲህ 205 ከየት መጣ? ነገሩ እስከ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው ተራ የሒሳብ ቅናሽ ነው። በ1946 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ በርንስ ለአንድ የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በደብዳቤው መሠረት ከተመረመሩት ሠራተኞች መካከል 284ቱ በቋሚነት እንዳይቀጠሩ አሳብ ቀርቦባቸዋል፤ ከነዚህም 79ኙ ተሰናብተዋል። ከ284 ላይ 79 ሲቀነስ 205 ይቀራል። ደብዳቤው የአንድም ሰው ስም አልያዘም፤ የቀሩት ሁሉ ኮሙኒስቶች ናቸውም አላለም። ማካርቲ በተናገሩበት ጊዜ ደግሞ ከነዚያ ሰዎች በሥራ ላይ የነበሩት 65 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ እነሱም እንደገና ተመርምረው ነበር። 57 የሚለው ቁጥር የተገኘው ከሌላ መዝገብ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት መርማሪዎች በ1947 ካጠናቀሩት የ108 ሰዎች ጉዳይ ውስጥ በ1948 በሥራ ላይ የነበሩት 57 ነበሩ። የ81ዱም ጉዳይ በአብዛኛው ከዚያው አሮጌ መዝገብ የተቀዳ ነው። አዲስ ነገር የተናገሩ የመሰሉት ሰው ያቀረቡት፥ ሌሎች አስቀድመው ያዩትንና የመረመሩትን ወረቀት ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ነገር ስለምን ቶሎ አልተጋለጠም? አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ ስለ ተናገረው ቃል በፍርድ ቤት አይከሰስም። ይህ ሕግ የወጣው እንደራሴው ኃያላንን ሳይፈራ እውነቱን እንዲናገር ነበር፤ ማካርቲ ግን ጋሻውን ራሱን እንደ ጦር ወረወሩት። ሁለተኛው ምክንያት የጋዜጦች ልማድ ነው። ሴናተር እንዲህ አሉ ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ ብለዋልና። የተባለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ግን ቀናት ያስፈልጋሉ፤ እስከዚያውም ሴናተሩ ሌላ ክስ ያመጣሉ። ክሱ በፊተኛው ገጽ በትልቁ ይታተማል፤ ማስተባበያው በኋለኛው ገጽ በትንሹ።

ያም ሆኖ የመረመሩ ሰዎች አልጠፉም። በሜሪላንዱ ሴናተር በሚላርድ ታይዲንግስ የሚመራ ኮሚቴ ክሱን ከመረመረ በኋላ በጁላይ 1950 ነገሩ ማታለል ነው ብሎ ዘገባ አቀረበ። ከዚያ በፊት ጁን 1 ቀን በሴኔቱ ብቸኛዋ ሴት የነበሩት የሜይን ግዛት ተመራጭ ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ፥ ራሳቸው የማካርቲ ፓርቲ አባል ሲሆኑ፥ ተነሥተው የሰው ስም ማጥፋትን በግልጽ ተቃወሙ። ስድስት የፓርቲያቸው ሴናተሮችም ከሳቸው ጋር ፈረሙ። የወገንን ስሕተት መናገር የባላጋራን ስሕተት ከመናገር እጅግ ይከብዳልና ይህን ድፍረት ልናስታውሰው ይገባናል።

ታይዲንግስ ግን ዋጋ ከፈሉ። በዚያው ዓመት ምርጫ ወቅት እሳቸውን ከአሜሪካ ኮሙኒስት ፓርቲ የቀድሞ መሪ ጋር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕል ለሕዝብ ታደለ። ሥዕሉ ሁለት የተለያዩ ፎቶግራፎች ተቆርጠው የተጋጠሙበት ነበር። ከ1927 ጀምሮ ሴኔት ውስጥ የቆዩት ሰው በምርጫው ተሸነፉ።

የወሬው ከፍተኛ ደረጃ ጁን 14 ቀን 1951 ታየ። በዚያ ቀን ማካርቲ 60,000 ቃላት ያህል ባለው ንግግር ጄኔራል ጆርጅ ማርሻልን አገራቸውን ለሶቪየቶች በሚያስረክብ ታላቅ ሤራ ከሰሷቸው። ቻይና በኮሙኒስቶች እጅ የገባችውም ሆን ተብሎ ነው አሉ። ማርሻል ማን ነበሩ? በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ጦር ኤታ ማዦር ሹም ሆነው፥ ከ200,000 የማይሞላውን ጦር ከ8 ሚሊዮን በላይ ያደረሱ ሰው ናቸው። በኋላም በስማቸው በተጠራው ዕቅድ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለምዕራብ አውሮፓ አገሮች ተሰጥቶ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተነሡ። ይህን ዕቅድ አጥብቃ የተቃወመችው ሞስኮ ነበረች። የሞስኮ አገልጋይ የሞስኮን አሳብ የሚያፈርስ ሥራ ስለምን ይሠራል? በተከሰሱበት ጊዜ ማርሻል የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው የኮሪያን ጦርነት ይመሩ ነበር፤ የእኛም አገር የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ የደረሰው ከዚያ ንግግር አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በሜይ 1951 ነው። የማካርቲ አነጋገር መሠረቱ፥ ያልተሳካ ነገር ሁሉ በክህደት የሆነ ነው የሚል ነበር። ስሕተትና ክህደት ግን አንድ አይደሉም፤ ቻይናም ራሷ በገዛ ሕዝቧ ታሪክ የምትመራ ትልቅ አገር እንጂ ሌላ ሰው የሚሰጣት ዕቃ አልነበረችም። ማርሻል በ1953 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ሁሉም ተከሳሽ እንደ ማርሻል ታላቅ ስም አልነበረውም። ጆን ሰርቪስ በቻይና ተወልደው ያደጉ፥ ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ዲፕሎማት ነበሩ። የመሥሪያ ቤታቸው መርማሪዎች ደጋግመው ነጻ ቢያደርጓቸውም ማካርቲ ስማቸውን ማንሣት አልተዉም። በዲሴምበር 1951 ከሥራ ተባረሩ፤ ለእንፋሎት ቧንቧ ዕቃ በሚሠራ ኩባንያ ተቀጥረው ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መባረራቸው ሕገ ወጥ እንደ ነበረ የፈረደው በ1957 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ የሰው ዕድሜ ያልፋል። አገሪቱም ቻይናን የሚያውቁላትን ሰዎች በጣም በምትፈልጋቸው ጊዜ አጣች።

የወሬው ውድቀት የመጣው በ1954 ነው። ማርች 9 ቀን ጋዜጠኛው ኤድዋርድ መሮ በቴሌቪዥን ባቀረቡት ዝግጅት የማካርቲን የራሳቸውን ንግግር በፊልም እያሳዩ ከእውነቱ ጋር አስተያዩት። ከኤፕሪል 22 እስከ ጁን 17 ቀን ደግሞ በማካርቲና በጦር ሠራዊቱ መካከል የተነሣው ክርክር በምክር ቤት ተሰምቶ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ። እዚያም አንድ ፎቶግራፍ በማስረጃነት ቀረበ፤ የሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች ግን ሥዕሉ ላይ አብረው የነበሩ ሰዎች ተቆርጠው እንደ ወጡ አጋለጡ። ጁን 9 ቀን ማካርቲ በቦታው ያልነበረ አንድ ወጣት ጠበቃን ስም ሲያነሡ፥ ዌልች ሰውየው ጨዋነት የሚባል ነገር አልቀረባቸው እንደ ሆነ በሐዘን ጠየቋቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሕዝቡ ሰውየውን በዓይኑ አየ።

ዲሴምበር 2 ቀን 1954 ሴኔቱ በ67 ድምፅ በ22 ላይ ማካርቲን ወቀሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ የተወቀሱት ለሴኔቱ ኮሚቴዎች ባሳዩት ንቀት እንጂ የነሰርቪስን ኑሮ በማፍረሳቸው አልነበረም። ምክር ቤቱ የራሱን ክብር ጠበቀ፤ የተራውን ሰው ስም ለማቃናት ግን ዘገየ። ማካርቲ በ1957 በ48 ዓመታቸው ሞቱ።

ለእውነት እንዲሁ ለሁለቱም ወገን መፍረድ ይገባልና ይህንም እንጨምራለን። በዚያ ዘመን የሶቪየት ሰላዮች በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ በእርግጥ ነበሩ፤ በ1995 ለሕዝብ መገለጥ የጀመሩት ቬኖና የተባሉ የምስጢር ጽሑፎችም ይህን አረጋግጠዋል። ይህ ግን 205 የሚለውን ቁጥር እውነት አያደርገውም። እንዲያውም ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ሌባ አለ ተብሎ መንገደኛውን ሁሉ የሚያስይዝ ሰው እውነተኛውን ሌባ በሕዝብ መካከል ይደብቀዋል።

ወሬ ሲነግሩህ አሳብ ጨምርበት ይባላል። ዛሬ ወሬው በጋዜጣ ብቻ ሳይሆን በየኪሳችን ባለው ስልክ ይደርሰናል፤ ፎቶግራፍን ለመቁረጥም መቀስ አያስፈልግም። ስለዚህ ማንም ቢናገር፥ ሥልጣኑም ቢሆን ወገንነቱ ዓይናችንን ሳይጋርደው፥ ስሙ የታለ? ቁጥሩ ከየት መጣ? ትናንት ስንት ነበር ያሉት? ብለን እንጠይቅ። በዊሊንግ አዳራሽ በዚያች ማታ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ዝርዝሩን ያሳዩን ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ስንት ቤተሰብ ከመከራ በዳነ ነበር። መምህሮቻችን በየክፍሉ ጠይቁ እያሉ የሚያስተምሩንም ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።